የአራስ ሕፃን ልኬት፦ አወሳሰዱና ከእናቲቱ ሁኔታ ጋር አነባበቡ

ጎጃም ከራሱ አልፎ ለሌላው የሚተርፍ እህል የሚያመርት አገር መሆኑ የታወቀ ነው። የቡሬ በቆሎ፣ የብቸና ጤፍ፣ የጮቄ ተራራ ግርጌ ድንች ብዙ ገበያ ያጠግባል። ይህ ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው ቁመት በታች እንደሆኑ አሳይቷል፤ በዚያ ጥናት ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥርም ይኸው ነበር። መቀንጨር የሚጀምረው ሕፃኑ ተጨማሪ ምግብ መቅመስ ሲጀምር ብቻ አይደለም፤ ከፊሉ ገና በማኅፀን ሳለ ይጀምራል። በተወለደበት ዕለት የሚወሰዱት ክብደት፣ ርዝመትና የጭንቅላት ዙሪያም በእናቲቱ የእርግዝና ወራት ስለሆነው ነገር የመጀመሪያዎቹ የጽሑፍ ምስክሮች ናቸው።

ይህ መመሪያ በጤና ጣቢያ ለሚሠሩ አዋላጆች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና በዚህ ርዕስ መረጃ ለሚሰበስቡ የጤና ሳይንስ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ የእርግዝናው ዕድሜና የእናቲቱ ሁኔታ አብሮት ያልተመዘገበ ክብደት ግማሽ መረጃ ብቻ መሆኑ ነው። 2,400 ግራም የመዘነ ሕፃን ጤነኛ ሆኖ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሊሆን ይችላል፤ ቀኑ ደርሶ በማኅፀን የተራበም ሊሆን ይችላል። ሚዛኑ ሁለቱን አይለይም፤ የሚለየው ባለሙያው ነው።

ደረጃ 1፦ የእርግዝናውን ዕድሜ ያስሉ

ሥራው የሚጀምረው ከሚዛኑ ሳይሆን ከቀን ቆጠራው ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የተነሣ አልትራሳውንድ ካለ እርሱን ያስቀድሙ፤ ከሌለ የመጨረሻው የወር አበባ የታየበትን የመጀመሪያ ቀን ይጠይቁ። ከብቸና ወይም ከሞጣ ዙሪያ ገጠር የመጣች እናት ቀኑን በቁጥር ላታስታውስ ትችላለች፤ በዓላቱን ግን አትረሳም። «እህቴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው ከኅዳር ሚካኤል በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱ «በኋላ» ከሆነ ደግሞ «የማርያም ዕለት አይተሽ ነበር?» እያሉ ከ12 ወደ 21፣ ከ21 ወደ ባለወልድ እየጠበቡ መሄድ፣ «ቀኑን አስታውሺ» ብሎ ከማስጨነቅ እጅግ የተሻለ መልስ ያመጣል።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስሌቱ ቀላል ነው። ጳጉሜን በመካከል ካልገባች 9 ወር ከ10 ቀን ይደመራል፤ ከገባች 9 ወር ከ5 ቀን፤ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን። ሦስቱም የሚያደርሱት ወደ 280 ቀን፣ ማለትም ወደ 40 ሳምንት ነው። የመጨረሻ ወር አበባዋ ኅዳር 12 የጀመረ እናት የመውለጃ ቀኗ ነሐሴ 22 ይሆናል፤ ጥር 20 የጀመረ ከሆነ ጥቅምት 25 ይሆናል። የመጀመሪያዋ እናት ሐምሌ 24 ቀን ብትወልድ ከኅዳር 12 እስከ ሐምሌ 12 ያለው 240 ቀን ነው፤ 12 ቀን ሲጨመርበት 252 ቀን፣ ይህም በትክክል 36 ሳምንት ይሆናል። ከ37 ሳምንት በፊት የሚወለድ ሕፃን ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ስለሚባል፣ የዚህ ሕፃን ክብደት ከ36 ሳምንት እኩዮቹ ጋር እንጂ ቀኑን ሞልቶ ከተወለደ ሕፃን ጋር አይነጻጸርም። ጳጉሜንን መርሳት ብቻውን አምስት ቀን ያዛባል፤ በ37ኛው ሳምንት ድንበር ላይ ላለ ሕፃን አምስት ቀን ትንሽ ስሕተት አይደለም።

ደረጃ 2፦ የእናቲቱን ልኬት ይሰብስቡ

ይህ ሥራ ከወሊዱ በፊት በክትትል ጊዜ ቢያልቅ መልካም ነው። ካልሆነም ምጡ ካለፈና እናቲቱ ካረፈች በኋላ ይሞላል።

ቁመቷን ያለ ጫማና ያለ ሻሽ፣ ተረከዟና ጀርባዋ ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ ይለኩ። ከ150 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነች እናት ትንሽ ሕፃን የመውለድና በምጥ የመቸገር ዕድሏ ከፍ ያለ ነው፤ ከ145 በታች ከሆነች ደግሞ ጉዳዩ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። አጭርነቱ ብዙውን ጊዜ እናቲቱ ራሷ በልጅነቷ የደረሰባትን የምግብ እጥረት የሚያሳይ በመሆኑ በዚህ እርግዝና ሊታረም አይችልም፤ መመዝገቡ ግን የሕፃኑን ርዝመት ለመረዳት የግድ ነው።

የላይኛው ክንድ ዙሪያ በአገራችን ለሚሠራ ባለሙያ ከሁሉ የሚጠቅም ልኬት ነው፤ በእርግዝና ጊዜ ብዙ ስለማይለዋወጥ ቅድመ እርግዝና ክብደቷን ለማታውቅ እናት ያገለግላል። የግራ ክንዷን አጥፋ እንድትይዝ ያድርጉና ከትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ ክርን ጫፍ ያለውን ርዝመት ለክተው መካከሉን በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ ክንዱ ተዘርግቶ ልል ሆኖ ይንጠልጠል፤ መለኪያው ቆዳውን ሳይጫን ሳይላላም ይጠምጠም። ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ እናቲቱ የምግብ እጥረት እንዳለባት ተቆጥሮ ተጨማሪ የምግብ ድጋፍና የቅርብ ክትትል ያስፈልጋታል። ጥለት ያለው ወፍራም እጅጌ ላይ መለካት ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርግ እጅጌው ይሰብሰብ፤ በደብረ ማርቆስ ብርድ እናቲቱ ይህን ባትወድም ምክንያቱ ሲነገራት እሺ ትላለች።

ከክትትል ካርዷ የደም ግፊቷን፣ የሄሞግሎቢን መጠኗን፣ ስንተኛ እርግዝናዋ እንደሆነ፣ ካለፈው ልጇ በስንት ጊዜ እንደጸነሰች፣ ወባና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዟት እንደነበር፣ የአይረን ፎሊክ አሲድ እንክብል ለስንት ወር እንደወሰደች ይገልብጡ። «ወስደሻል?» ከሚለው ይልቅ «ስንቱ ቀርቶሻል?» የሚለው ጥያቄ እውነቱን ያወጣል፤ ብዙ እናቶች እንክብሉ ሲያቅለሸልሻቸው ትተውት ሳለ ባለሙያውን ላለማስከፋት «አዎ» ይላሉ።

ደረጃ 3፦ ክፍሉንና መሣሪያውን ያዘጋጁ

አራስ ሕፃን በብርድ የሚጎዳው እኛ ከምንገምተው በፈጠነ ሁኔታ ነው። የማዋለጃ ክፍል ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መሆን የለበትም፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ይህ በቀን ሊገኝ ይችላል፤ ደብረ ማርቆስ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን በሌሊት ያለ ማሞቂያ አይታሰብም። በርና መስኮት ይዘጋ፤ ማሞቂያ ካለ ቀደም ብሎ ይለኮስ፤ ሁለት ደረቅና የሞቀ ጨርቅ ይዘጋጅ፤ እጅም ታጥቦ ይሙቅ። ከተቻለ ሕፃኑ ከልኬቱ በፊትና በኋላ የሰውነት ሙቀቱ ይታይ፤ ከ36.5 በታች ከሆነ ልኬቱ ይቆይና ወደ እናቱ ደረት ይመለስ።

ሚዛኑ በጠረጴዛ ወይም በጠንካራ ወለል ላይ ተስተካክሎ ይቀመጥ፤ ባዶውን ዜሮ ማሳየቱ ይረጋገጥ፤ ክብደቱ በሚታወቅ ነገር በየጊዜው ይፈተሽ። የአራስ ሕፃንን ክብደት በ10 ግራም ልዩነት የሚያነብ ዲጂታል ሚዛን ተመራጭ ነው። በየጤና ኬላው የሚታየው የሚንጠለጠል ባለ ሰዓት ሚዛን የሚያነበው በ100 ግራም ልዩነት ስለሆነ ለከፍ ያሉ ሕፃናት እንጂ ለአራስ የሚበቃ አይደለም። ለዙሪያ ልኬት የማይለጠጥ ሜትር ያስፈልጋል፤ የልብስ ሰፊ ሜትር በአገልግሎት ብዛት ይረዝማልና አይጠቀሙበት።

ደረጃ 4፦ ክብደት

ሕፃኑ እንደተወለደ ደርቆ በእናቱ ደረት ላይ ይቀመጥ፤ የመጀመሪያውን ጡት ሳይጠባ ለሚዛን ተብሎ አይነሣ። አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ መመዘን ይቻላል፤ ከ24 ሰዓት ግን ማለፍ የለበትም። አራስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከክብደቱ እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ሲወለድ 2,700 ግራም የነበረ ሕፃን በሦስተኛው ቀን ቢመዘን 2,450 ሆኖ ሊገኝና በስሕተት «ከመጠን በታች የተወለደ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ዘግይቶ የተመዘነ ሕፃን ሲኖር የተመዘነበት ሰዓት አብሮ ይጻፍ።

ሕፃኑ ራቁቱን ይመዘናል። ብርዱ ይህን ካልፈቀደ ጨርቁ ለብቻው አስቀድሞ ይመዘንና ይቀነሳል። ጨርቁ 180 ግራም ሆኖ ሕፃኑ ከነጨርቁ 2,610 ቢመዝን ክብደቱ 2,430 ነው፤ ቅነሳው ከተረሳ ይህ ሕፃን የሚገባውን እንክብካቤ ሳያገኝ «ደህና ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሚዛኑ ሲረጋጋ የታየው ቁጥር እንዳለ ይጻፍ። ወደ ሙሉ ቁጥር ማስጠጋት የብዙ መዝገቦች ሕመም ነው፤ አንድ መዝገብ ገልጠው አብዛኛው ሕፃን 2,500 ወይም 3,000 ወይም 3,500 ሆኖ ካገኙት፣ መዝገቡ የሚናገረው ስለ ሕፃናቱ ሳይሆን ስለ ጻፈው ሰው ነው። 2,460 የመዘነን ሕፃን 2,500 ብሎ መጻፍ ከድንበሩ ማሻገር ስለሆነ እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባም።

ከ2,500 ግራም በታች የሆነ ሕፃን ከመጠን በታች፣ ከ1,500 በታች የሆነ እጅግ ከመጠን በታች ይባላል። 4,000 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነውም ሌላ ጥንቃቄ ይሻል፤ የእናቲቱ የስኳር መጠን ይታይ፤ ሕፃኑም ሁለቱን ክንዶቹን እኩል ማንቀሳቀሱና የደም ስኳሩ አለመውረዱ ይረጋገጥ። በጎጃም ቤት ትልቅ ልጅ መውለድ ደስታ በመሆኑ ይህን ፍተሻ የሚጠይቅ ቤተሰብ አይገኝም፤ ስለዚህ የባለሙያው ኃላፊነት ነው።

ደረጃ 5፦ ርዝመት

ርዝመት ለብቻ አይለካም፤ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሕፃኑ በመለኪያ ሰሌዳው ላይ በጀርባው ይተኛ። አንደኛው ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ አናቱ ቋሚውን ሰሌዳ እንዲነካ፣ ዓይኖቹም ቀጥ ብለው ወደ ላይ እንዲያዩ ያደርጋል። ሁለተኛው ሰው በአንድ እጁ ጉልበቶቹን በቀስታ ተጭኖ እግሮቹን ያቃናል፤ በሌላው እጁ ተንቀሳቃሹን ሰሌዳ አምጥቶ ከተረከዙ ጋር ያገናኛል፤ ጣቶቹ ወደ ላይ መቆም አለባቸው። ሕፃኑ በማኅፀን ታጥፎ ስለቆየ እግሩን ለማቃናት ጉልበት አይጠቀሙ፤ ለአንድ አፍታ እንደላላ ይነበባል። ንባቡ እስከ 0.1 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሕፃኑን በእግሩ አንጠልጥሎ ወይም በአልጋ ላይ አስተኝቶ በሜትር መለካት ቀድሞ የነበረ ልማድ ሲሆን የሚሰጠው ቁጥር አያስተማምንም።

እያንዳንዱ ልኬት ሁለት ጊዜ ይወሰድ። ሁለቱ ንባቦች በክብደት ከ100 ግራም፣ በርዝመት ከ0.7 ሴንቲ ሜትር፣ በጭንቅላትና በክንድ ዙሪያ ከ0.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ ሁለቱም ይተዉና እንደገና ይለካ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መስፈርት ያወጣው ጥናት የተጠቀመበት ወሰን ይኸው ነው። በዚያ መስፈርት ሲወለዱ የወንዶች መካከለኛ ርዝመት 49.9፣ የሴቶች 49.1 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ክብደታቸው 3.3 እና 3.2 ኪሎ ግራም፣ የጭንቅላት ዙሪያቸው 34.5 እና 33.9 ሴንቲ ሜትር ነው።

ደረጃ 6፦ የጭንቅላት፣ የደረትና የክንድ ዙሪያ

ቆቡ ይውለቅ። ሜትሩ ከፊት ከቅንድብ በላይ፣ ከኋላ ደግሞ በጣም በወጣው የጭንቅላት ክፍል ላይ ያልፋል፤ የሚመዘገበው ትልቁ ዙሪያ ነው። ምጡ ረዥም ከነበረ ጭንቅላቱ ሊረዝም ወይም ሊያብጥ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ልኬት ይመዝገብና ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይደገም። ወንዱ ከ31.9፣ ሴቷ ከ31.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆኑና ቀናቸውን ሞልተው የተወለዱ ከሆነ ሐኪም ይያቸው። እጅግ የሰፋ ጭንቅላትና የተወጠረ እርግብግቢት ሲታይም እንዲሁ።

የደረት ዙሪያ በጡቶቹ ጫፍ መስመር፣ ሕፃኑ አየር ሲያስወጣ ይለካል። ቀኑን ሞልቶ በተወለደ ሕፃን ከጭንቅላቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ያንሳል። ልዩነቱ ከዚህ እጅግ ከሰፋ ጭንቅላቱ ሲያድግ አካሉ ወደኋላ እንደቀረ ሊያመለክት ይችላል። ሚዛን በሌለበት፣ በተለይም በቤት በተወለዱ ሕፃናት፣ የደረት ዙሪያ ትልቅ አገልግሎት አለው፤ ከ30 ሴንቲ ሜትር በታች ሆኖ ሲገኝ ሕፃኑ ከመጠን በታች ሊሆን እንደሚችል ተጠርጥሮ ሳይውል ሳያድር ሚዛን ወዳለበት ጤና ጣቢያ በእናቱ ደረት ታቅፎ ይወሰድ። ከደረት ዙሪያ ተነሥቶ የክብደት ቁጥር መገመትና መጻፍ ግን አይገባም። የሕፃኑ ክንድ ዙሪያም ለእናቲቱ በተነገረው መንገድ ይወሰዳል፤ ለብቻው ውሳኔ ለመስጠት አይበቃም።

ደረጃ 7፦ ቁጥሮቹን ከእናቲቱ ጋር አብረው ያንብቡ

የዚህ መመሪያ ዋናው ክፍል ይህ ነው። ሦስት ሕፃናትን እናስብ፤ ሦስቱም 2,400 ግራም መዝነዋል።

የመጀመሪያው በ35 ሳምንት ተወልዶ ርዝመቱ 45፣ ጭንቅላቱ 32 ሴንቲ ሜትር ነው። ለዕድሜው ትክክለኛ ነው፤ ችግሩ የመጣው ቀድሞ በመወለዱ ነው። እዚህ ላይ ከእናቲቱ የሚፈለገው ምጡን ያስቀደመው ነገር ነው፦ ኢንፌክሽን፣ ወባ፣ መንታ፣ ከዚህ በፊትም ቀኑ ሳይደርስ መውለድ፣ ወይም በቶሎ ደጋግሞ መጸነስ። ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 24 ወር ሳይሞላ ዳግም መጸነስ አደጋውን ስለሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ያህል መቆየትን ይመክራል።

ሁለተኛው በ39 ሳምንት ተወልዶ ርዝመቱ 49፣ ጭንቅላቱ 34 ሴንቲ ሜትር ነው። ክብደቱን በግራም በ100 አባዝተን፣ ርዝመቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር ስናካፍለው 2.04 ይሆናል፤ የመጀመሪያው ሕፃን ግን በዚሁ ስሌት 2.63 ነበር። ጤናማው መጠን ከ2.5 እስከ 3 ገደማ ስለሆነ ሁለተኛው ቀጭን ነው። አጥንቱና ጭንቅላቱ ያደጉት በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲሆን፣ ሥጋና ስብ የሚይዝበት የመጨረሻ ጊዜ ላይ ግን አንድ ነገር ተቋርጦበታል። ከሁሉ በፊት የእናቲቱን የደም ግፊት ይመልከቱ፤ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከነበረ በእንግዴ ልጁ በኩል የሚያልፈው ደም አንሶ ሊሆን ይችላል። ግፊቷ ደህና ከሆነ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በየትኛው ወቅት እንደዋሉ ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 ባለው የብርድ ወቅት በሆላንድ በደረሰው ረኃብ የሕፃናቱን ክብደት ይበልጥ የቀነሰው በእርግዝና መጨረሻ የደረሰው ረኃብ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ተርበው በኋላ ያገኙት እናቶች ልጆች ክብደት ያን ያህል አልቀነሰም። ይህን ወደ ጎጃም ስናመጣው፣ በመስከረም የምትወልድ እናት የመጨረሻ ወራቷ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ናቸው፤ ጎተራው የሚጎድልበት፣ የጤፍ አረም የሚበረታበት፣ ፍልሰታም የሚውልበት ጊዜ ነው። በጥር የምትወልደው እናት ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አዲስ እህል አግኝታለች። በዚህ አካባቢ የልደት ክብደትን የሚያጠና ተማሪ የወሊዱን ወር ካልመዘገበ ከጥናቱ ዋና ፍሬ አንዱን ጥሏል።

ሦስተኛው በ39 ሳምንት ተወልዶ ርዝመቱ 45፣ ጭንቅላቱ 32 ሴንቲ ሜትር ነው። ስሌቱ እንደ መጀመሪያው 2.63 ስለሚሰጥ ቀጭን አይደለም፤ ሁሉ ነገሩ እኩል ያነሰ ነው። ምክንያቱ ከእርግዝናው መጀመሪያ ወይም ከዚያም በፊት ሊፈለግ ይገባዋል፦ የእናቲቱ አጭር ቁመት፣ ለረዥም ጊዜ የቆየ የምግብ እጥረት፣ ገና ራሷ በማደግ ላይ ያለች ልጅ ሆና መጸነሷ፣ እንደ ቂጥኝ ያለ ኢንፌክሽን፣ አልኮል፣ ወይም ከሕፃኑ የተፈጥሮ ሁኔታ የመጣ። እናቲቱ ከ18 ዓመት በታች ተድራ ከሆነ ይህ በሕግም በጤናም ትልቅ ጉዳይ ነው፤ በምጥ ማግስት ልጅቷን መውቀስ ግን ተገቢ አይደለም፤ ክፉውን የሠራችው እርሷ አይደለችም።

የደም ማነስ ለብቻው ጥቂት ቃል ይገባዋል። ለነፍሰ ጡር ሄሞግሎቢን በዴሲ ሊትር ደም ከ11 ግራም በታች ሲሆን የደም ማነስ አለ ይባላል፤ ይህ ወሰን ግን የተቀመጠው ለባሕር ጠለል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለከፍታ ከተለካው ቁጥር ላይ ቅነሳ እንዲደረግ ያዝዛል፤ ለደብረ ማርቆስ ከፍታ ቅነሳው ከ1 ግራም ይበልጣል፤ ስለዚህ 11.5 የተገኘባት እናት በዚህ ቅነሳ መሠረት የደም ማነስ አለባት። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመና በሰሜን ተራሮች ከ3,500 ሜትር በላይ በሚኖሩ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ የኢትዮጵያ ደገኞች ሄሞግሎቢን እንደ ደቡብ አሜሪካ ደገኞች እንዳልጨመረ አሳይቷል። ስለዚህ በ11 እና በ12 መካከል ያለችውን እናት በአንድ ቁጥር አናሰናብታት፤ የዓይኗን ሽፋን፣ ድካሟን፣ የእንክብል አወሳሰዷንና የትል ሕክምናዋን አብረን እንይ። ከፍታ በራሱም ክብደትን ይነካል፤ በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት የተደረገ ጥናት ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር የልደት ክብደት 100 ግራም ያህል እንደሚቀንስ አግኝቷል። የዓባይ በረሃን ከጮቄ ግርጌ ጋር የሚያነጻጽር ሰው ይህን ሊዘነጋ አይገባውም፤ በቆላው ደግሞ ወባ አለ፤ ወባም በተለይ በመጀመሪያ እርግዝና እንግዴ ልጁን አጥቅቶ ክብደት ያሳንሳል። የመጀመሪያ ልጅ ከተከታዮቹ፣ ሴት ከወንድ፣ መንታ ከነጠላ ቀለል ብለው መወለዳቸው የሚጠበቅ ነው።

ደረጃ 8፦ ለእናቲቱና ለቤተሰቡ ይንገሩ

የአራስ ሕፃን ክብደት በሰው ፊት ጮክ ተብሎ ሲነገር ዓይን ይበላዋል ብለው የሚፈሩ ቤተሰቦች አሉ። ፍርሃታቸውን ሳይንቁ፣ ለእናቲቱ ዝቅ ባለ ድምፅ መንገርና በካርዷ ላይ መጻፍ ይበቃል። ሕፃኑ ትንሽ ከሆነ «ምን በልተሽ ነው?» የሚል ጥያቄ ጥፋተኛ ያደርጋታል፤ በምትኩ ስለሚቀጥለው እርግዝና ሊረዳ የሚችለውን፣ አማቷና ባሏ ባሉበት መንገር ይሻላል። ልጁ ገዝፎ ምጥ እንዳይጸና ብለው በመጨረሻዎቹ ወራት ምግብ የሚቀንሱ እናቶች አሉ፤ ሕፃኑ ሲወለድ ቆዳው ላይ የሚታየው ነጭ ቅባት ከወተት ወይም ከሙዝ የመጣ መስሏቸው እነዚህን የሚተዉም አሉ። ያ ቅባት በማኅፀን የሕፃኑን ቆዳ የሚጠብቅ ከራሱ ከሕፃኑ የሚወጣ ነው፤ ወተት አይደለም። ይህ ለአማቲቱ «እናታችን» ተብሎ በአክብሮት ሲገለጽላቸው ይሰማሉ፤ በቤቱ የምግብ ነገር ላይ የሚወስኑት ብዙ ጊዜ እርሳቸው ናቸውና።

የሚመከረው ነገር ቤቱ የሚችለው ይሁን፦ በቀን አንድ ተጨማሪ ገበታ፣ ከእንጀራው ጋር የሽምብራ ወይም የባቄላ ሽሮ፣ ጎመን፣ ቤት የተገኘ እንቁላል ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ለእርጉዟ፣ እንጨትና ውሃ መሸከሙን ሌላ ሰው መረከብ፣ የእንጨት ጭስ ከታመቀበት ጓዳ መራቅ፣ ጠላና አረቄ እንዲሁም ጫት ፈጽሞ መተው። ስለ ጾም ከንስሐ አባቷ ጋር እንድትነጋገር ይምከሯት፤ ለነፍሰ ጡርና ለአራስ እንዲቀልላት ሊፈቅዱላት ይችላሉ።

ደረጃ 9፦ ይመዝግቡ፣ ይከታተሉ

በመዝገቡ ላይ ክብደት፣ ርዝመት፣ ጭንቅላት፣ ደረት፣ የእርግዝና ዕድሜ በሳምንትና በቀን፣ ዕድሜው የታወቀበት መንገድ፣ የተለካበት ሰዓት፣ የለካው ሰው ስም በአንድ መስመር ይስፈሩ። ያልተለካ ነገር ባዶ ይተው፤ በግምት አይሞላ።

ከ2,500 ግራም በታች የሆነ ሕፃን ቆዳ ለቆዳ ይታቀፍ፤ ገላው ቢያንስ 24 ሰዓት አይታጠብ፤ ጡት መጥባቱ በዓይን ይታይ። ከ2,000 በታች የሆነው የአራስ ሕፃናት ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይላክ፤ ከ1,500 በታች ከሆነ ደግሞ ይህ ለሰዓታት እንኳ አይዘገይም፤ በመንገድም በአምቡላንሱ ውስጥ በእናቱ ወይም በሌላ ቤተሰብ ደረት ላይ ሆኖ ይጓዝ። ቤት የሚሄደው በ24 ሰዓት፣ በሦስተኛው ቀን፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜና በስድስተኛው ሳምንት ይታይ፤ በየጊዜውም በዚያው ሚዛን፣ በዚያው አመዛዘን ይመዘን። በሦስተኛው ቀን ከልደት ክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ከቀነሰ፣ ወይም በ14ኛው ቀን የልደት ክብደቱን መልሶ ካላገኘ፣ አጠባቡ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ይመርመር፤ እናቲቱም የክንድ ዙሪያዋና ሄሞግሎቢኗ ዳግም ይታይላት።